ውል ከኋላው ሲነበብ

በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ሕክምና ሳይሆን ስለ ሕይወት ትንሽ ነገር በይን» ሲለኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ስለ ሕይወት የሚናገር ሰው ቢያንስ የራሱ ሕይወት የተስተካከለ መሆን አለበት፤ የእኔ ገና ነው። በኋላ ግን ቴሌግራሜን ከፍቼ አየሁት። ባለፈው አንድ ዓመት ከጎንደር ከወጡ ወጣት ሐኪሞች የደረሰኝ መልእክት አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የውል ፎቶ ይልኩልኛል። አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። አንዱ ከሪያድ፣ አንዱ ከሐርጌሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ካለ የግል ሆስፒታል። ከሥሩ «ዶክተርዬ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ትላለች። በቀይ ያሰመረችበት መስመር ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ገንዘቡ።

ስለዚህ ዛሬ ስለዚህች አንዲት ነገር ላውራ። ሁለት ሦስት የሥራ ውል በአንድ ጊዜ እጃችን ሲገባ እንዴት ነው የምንመርጠው? ሁላችንም «ኦፈር» ነው የምንለው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ፤ የአማርኛ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ።

እውነቱን ለመናገር እኛ የ1998 ዓ.ም. ምሩቃን ሥራ መምረጥ የሚባለውን ነገር የተማርንበት ቦታ የለም። የመጀመሪያ ሥራችንን ያገኘነው በዕጣ ነው። ጓደኛዬ የተጠቀለለችውን ወረቀት ስትፈታ እጇ ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይታየኛል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለች ስሟን አልጠራም። ደመወዙ የመንግሥት ስኬል ነው፣ ድርድር የለውም። የምንደራደረው ከዕድል ጋር ብቻ ነበር። «ምን ደረሰሽ?» ነበር ጥያቄው፤ «ምን መረጥሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ለእኔ መተማ ደረሰኝ። እዚያ ስገባ የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ነበር። ወቅቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ከደጋው ወረዳዎች ስፍር ቁጥር የሌለው ወጣት ማጭዱን ይዞ ይወርዳል፤ ወባውም በዚያው ወቅት ይነሣል። ከበለሳ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከከባድ ወባ ተርፎ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያጫውተኝ እንዲህ አለኝ። ሁለት ባለ እርሻዎች ጠርተውት ነበር። አንደኛው የቀን ሒሳቡ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ያንሳል፤ ግን ውሃ በበርሜል ያመጣል፣ አጎበር ይሰጣል፣ በየቅዳሜው ይከፍላል። ልጁ የመጀመሪያውን መረጠ። ውሃው የኩሬ ሆነ፤ ክፍያውም አጨዳው ሲያልቅ ነው ተባለ። እሱ ሲወድቅ አጨዳው አላለቀም። «ዶክተር፣ እኔ ዋጋ ነበር የጠየቅሁት፤ ብታመምስ ብዬ አልጠየቅሁም» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እንደ ጨዋታ ነበር የሰማሁት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ አገር፣ ከእሱ መቶ እጥፍ እየተከፈለኝ፣ ያንኑ ስሕተት ሠራሁት።

ከመተማ እስከዚያ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፈተናው፣ ቃለ መጠይቁ፣ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲው፣ ከዚያ በጄ-ዋን ቪዛ የተማረ ሐኪም ባለሙያ በሚያንስበት አካባቢ የሚያገለግላቸው ሦስት ዓመታት። ያም ቢሆን ምርጫ አልነበረም፤ ቪዛዬን የሚያስተካክልልኝ ሆስፒታል የሰጠኝን ወረቀት ነው የፈረምኩት። የመኖሪያ ፈቃዴ ሲመጣ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ «የፈለግሁበት ልሠራ እችላለሁ» ያልኩት። ቪዛችሁ በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ ከሆነ በግል ውል መሥራት አይፈቀድላችሁም፤ ይህን ሳያጣሩ የፈረሙ ሰዎች ስለማውቅ ነው እግረ መንገዴን የማነሣው።

እኔ የምሠራውን እዚያ «ሎከም» ይሉታል፤ ተተኪ ሐኪም እንደማለት ነው። አንድ ሆስፒታል ሐኪም ሲለቅበት ወይም ስትወልድበት ለሳምንት፣ ለወር፣ ለስድስት ወር በኮንትራት ይጠራኛል። ብዙውን ጊዜ በመሐል ኤጀንሲ አለ። ተቀጣሪ አይደለሁም። አንድ ሳምንት ማለት በቀን 12 ሰዓት፣ ሰባት ቀን፣ በጠቅላላው 84 ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ ልጆቼ ሜሪላንድ እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ሁለት ኦፈር በአንድ ሳምንት መጣልኝ። አንዱ ከቤቴ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው፣ በሰዓት 145 ዶላር። ሌላው ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ፣ በሰዓት 185። ባለቤቴ ሒሳብ ይወዳል፤ ኤክሴል ከፈተና «ልዩነቱ በሳምንት 3,360 ዶላር ነው» አለኝ። ነገሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ውሉ 14 ገጽ ነበር፤ እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ሁለት ገጽና የምፈርምበትን ነው። የበሽተኛ ካርድ ሳላነብ መድኃኒት አዝዤ አላውቅም። የራሴን ውል ግን እንደዚያ ፈረምኩት።

የካቲት ነበር፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ። በስልክ ሲያነጋግሩኝ «እንደ ሁኔታው ከ15 እስከ 18 በሽተኛ ነው» ብለውኝ ነበር። ጠዋት ዝርዝሩን ሳየው 27 ነው። ውሉ ላይ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። «ሌሎች ተያያዥ ሥራዎች» የምትል አንዲት ሐረግ ግን ነበረች፤ እሷ ውስጥ ስድስት አልጋ ያለው አይሲዩ እና በመላው ሆስፒታሉ ልቡ የቆመ ሰው ሁሉ ተካቷል። 12 ሰዓትን ለ27 ስታካፍሉት ለአንድ ሰው 27 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ መመርመሩም፣ ቤተሰብ ማነጋገሩም፣ መጻፉም በዚያችው ውስጥ ነው። ሞርኒንግ ላይ እንደዚህ ራውንድ ያደረገ ኢንተርን ምን ይባል እንደነበር መምህሮቼ ታውቃላችሁ።

በዚያው የመጀመሪያ ቀን ማታ፣ ገና ማደሪያዬ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ወንድሜ ከዚህ ከጎንደር ደወለ። «አባባ ወድቋል» አለኝ። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎታል። እኔም እንደ ሐኪም «ሲቲው ምን አለ? ግፊቱ ስንት ነው?» እያልኩ አከታተልኩበት። ወንድሜ ዝም ብሎ ሰማኝና «አንቺ ነይ ብቻ» አለኝ።

ለኤጀንሲው አስተባባሪ ደወልኩ። ትሑት ሴት ናት፤ በጣም አዘነችልኝ። ከዚያ ገጽ 11ን እንዳነብ ነገረችኝ። ያለ 30 ቀን ማስታወቂያ ካቋረጥኩ፣ የቀሩትን ሺፍቶች ሆስፒታሉ ለኤጀንሲው በሚከፍለው ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ ይላል። ሆስፒታሉ ስንት እንደሚከፍልባቸው ያወቅሁት ያኔ ነው፤ በሰዓት 250። የቀረኝ ስድስት ሺፍት ነው፤ 72 ሰዓት፤ 18,000 ዶላር። በተጨማሪም «በሽተኛ ጥሎ መሄድ ተብሎ ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ ሊሄድ ይችላል» አለችኝ። ለሌላ ሐኪም በሚገባ አስረክቦ የወጣ ሰው በሽተኛ ጥሎ ሄደ እንደማይባል በኋላ ጠበቃ ነግሮኛል። በዚያ ሌሊት ግን ጠበቃ አልነበረኝም፤ ፍርሃት ነበረኝ።

18,000 ዶላር አልነበረኝም ብላችሁ ይቀለኝ ነበር። ነበረኝ። ለቤት መግዣ ያስቀመጥነው አለ። አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ ስድስት ቀን ነው፣ አባባ ጠንካራ ነው፣ እሑድ ማታ እጨርሳለሁ፣ ሰኞ እበራለሁ። ሰዎች ሲጠይቁኝ ለብዙ ጊዜ «ውሉ አሰረኝ» እል ነበር። ያሰረኝ ያ ስሌት ነው። ውሉ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ማሰብ በማልችልበት ሌሊት እንዳሰላ ማስገደዱ ነው።

አባባ ዓርብ ሊነጋ ሲል አረፈ። በዚያው ቀን ተቀበረ። እኔ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ራውንድ አደረግሁ። ረቡዕ ጎንደር ስገባ ሰልስቱ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

አባቴን እዚሁ ሆስፒታል ነው ያከማችሁት። በዚያ ሳምንት ዱቲ ያደራችሁ ሬዚደንቶች፣ ዛሬ አንዳንዶቻችሁ መምህራን ሆናችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። አንዳችሁ እጁን ይዛችሁ «ልጅዎ እየመጣች ነው» ትሉት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። እስከ ዛሬ ተገናኝተን አላመሰገንኳችሁም። እዚህ ለመቆም እሺ ያልኩበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ከዚያችው ከተማ ደብዳቤ መጣልኝ። በዚያ ሳምንት ተኝተው ከነበሩት የአንዷ ቤተሰብ ክስ መሥርቷል፤ ካርዱ ላይ ስሙ ያለ ሐኪም ሁሉ ተጠርቷል። እኔ ያየኋት ለሁለት ቀን ነበር፤ በመጨረሻም ስሜ ወጣ። ግን ደብዳቤው በመጣበት ቀን ያለብኝን ላብ አልረሳውም። የሐኪም የሙያ ዋስትና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥራው በተሠራበት ጊዜ ኢንሹራንሱ ካለ፣ ክሱ መቼም ቢመጣ ይከፍላል። ሁለተኛው ግን ክሱ በቀረበበት ቀን ኢንሹራንሱ በሥራ ላይ ካለ ብቻ ነው የሚከፍለው። ውልሽ አልቆ፣ ኢንሹራንሱ ተዘግቶ ከሄድሽ በኋላ ለሚመጣ ክስ «ቴይል» የሚሉት፣ ጅራት ማለት ነው፣ ለብቻው መገዛት አለበት። ዋጋው ከዓመቱ ክፍያ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የእኔ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ጅራቱን ማን ከፍሎታል? ያንን 14 ገጽ ለሁለተኛ ጊዜ እያለቀስኩ አገላብጬ ገጽ 9 ላይ አገኘሁት፦ ኤጀንሲው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ከመፈረሜ በፊት ያላነበብኩት መስመር ነው ያተረፈኝ፤ ያላነበብኩት መስመር እንዳሰረኝ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ውል የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው። መጀመሪያ መውጫው፣ ቀጥሎ ዋስትናው፣ ቀጥሎ የሥራው ልክ፣ በመጨረሻ ገንዘቡ። ባለቤቴ «ዐረብኛ ነው እንዴ የምታነቢው?» እያለ ይስቅብኛል።

እንዴት እንደማደርገው በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው ላይ ሦስት ኦፈር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው በኤጀንሲ የመጣ፣ ትልቅ ከተማ፣ በሰዓት 195 ዶላር። ሁለተኛው አንድ ትንሽ ሆስፒታል በቀጥታ የጠየቀኝ፣ ለስድስት ወር፣ በወር ሁለት ሳምንት፣ በሰዓት 160። ሦስተኛው ቋሚ ቅጥር፤ በዓመት 280,000፣ የጤና ኢንሹራንስ ከነቤተሰብ፣ ጡረታ፣ የሙያ ዋስትና።

የቋሚውን ቅጥር ነገር ብዙዎቻችን እናቃልለዋለን። 160ን በ84 ብታበዙት ሳምንቱ 13,440 ነው፤ 22 ሳምንት ብሠራ ወደ 295,000 ይመጣል። ከ280,000 ይበልጣል፣ ሳምንቱም ያንሳል፤ አለቀ? አላለቀም። ተቀጣሪ ስትሆኑ ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር የሚቆረጠውን ግማሹን አሠሪው ይከፍላል። «1099» በሚባለው ፎርም የሚከፈለው ሰው ግን ሁለቱንም ግማሽ ራሱ ነው፤ 15.3 በመቶ፣ የማኅበራዊ ዋስትናው ክፍል እስከ አንድ የገቢ ጣሪያ ድረስ። የገቢ ግብሩ ከዚያ ውጭ ነው። ማንም ቀድሞ አይቆርጥላችሁም፤ በዓመት አራት ጊዜ ራሳችሁ አስልታችሁ ትከፍላላችሁ። የቤተሰባችን የጤና ኢንሹራንስ ብቻ በወር 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ስትታመሙ ገቢ የለም፤ ልጅ ስትመረቅ ገቢ የለም። መጀመሪያ ዓመት ላይ የገባውን ሁሉ የእኔ መስሎኝ አወጣሁትና ሚያዝያ ላይ ተበደርኩ። ዛሬ ከሚገባው ሲሶውን ሳልነካው ሌላ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ይህን ሁሉ ስናሰላው በገንዘብ ቋሚው ቅጥር ያሸንፍ ነበር። በገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን መውሰድ ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ጤና ያጣ ሰው ቤት ውስጥ ቢኖረን ኖሮም አላመነታም ነበር።

ያልወሰድኩት በመውጫው ነው። ለመልቀቅ የ120 ቀን ማስታወቂያ፣ ከለቀቅሁ በኋላም ለሁለት ዓመት በዙሪያው ባሉ ሆስፒታሎች እንዳልሠራ የሚከለክል አንቀጽ ነበረው። ቤቴና የልጆቼ ትምህርት ቤት ያሉት እዚያው ዙሪያ ውስጥ ነው። እንዲያሳጥሩት ጠየቅሁ። «ሁሉም ሐኪሞቻችን ይህንኑ ነው የፈረሙት» አሉኝ። አመስግኜ ተውኩት።

የ195ቱን ሳጣራ ሁልጊዜ የምጠይቀውን ጠየቅሁ፦ ከዚህ በፊት የነበረው ሐኪም ለምን ሄደ? ቁጥሩን ስጡኝና ላናግረው። ሁለተኛም፣ ከሌሊት ተረኛ ነርስ ጋር አሥር ደቂቃ አገናኙኝ። የሕክምና ዳይሬክተሩ ስለ ሆስፒታሉ ሕልሙን ይነግራችኋል፤ የሌሊቷ ነርስ ግን ሌሊቱን ትነግራችኋለች። «ዶክተር፣ ሰው 12 ሰዓቱን ጨርሶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ተቀምጠው ይጽፋሉ» አለችኝ። ያ ሁለት ሰዓት አይከፈልም። 195 ሲባዛ በ12፣ ሲካፈል ለ14 ስትሉት 167 ይመጣል። በ160ውና በሱ መሐል የነበረው የ35 ዶላር ገደል ሰባት ዶላር ሆነ። በዚያ ላይ ሆስፒታሉ ሥራውን ማስታወቂያ ሳይሰጥ መሰረዝ ይችላል፤ እኔ ግን 30 ቀን አለብኝ። ባለ አንድ አፍ ሰይፍ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ይኸው ውል ላይ አገኘሁት።

160ው ላይ ደግሞ ያላመንኩት ነገር ነበር፤ በጣም ጥሩ ነበሩ። ልምድ እንዳስተማረኝ፣ በቃል የሚነገር ደግነትን ወረቀት ላይ አስቀምጡልኝ ስትሉ ነው ሰው የሚለየው። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠየቅሁ። በሺፍት ከ16 በሽተኛ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ሐኪም ይጠራል። ሌሊት አይሲዩውን የሚረዳ በቪዲዮ የሚገኝ ባለሙያ ይኖራል። የቅርብ ቤተሰብ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ሲገጥም በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መውጣት ይቻላል፤ በሌላ ምክንያት ግን ለሁለታችንም እኩል 30 ቀን። ሁለቱን ወዲያው ተቀበሉ። ሦስተኛው ላይ ጠበቃቸው አንገራገረ፤ «በርክክብ» የምትል ቃል አስገባና ፈረመ። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን አስገባታለሁ። ጅራቱን እነሱ እንደሚከፍሉም ተጻፈ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያው ምሥጢር። ሁለት ኤጀንሲ ለአንድ ሆስፒታል ሲወዳደሩ፣ ስማችሁን ቀድሞ ያቀረበው ኤጀንሲ «ይህች ሐኪም የእኔ ናት» ይላል። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ በቀጥታ ሊወስዳችሁ ቢፈልግ ለኤጀንሲው ካሳ መክፈል አለበት፤ አንዳንዱ ውል ላይ እስከ ሁለት ዓመት። ስለዚህ ሲቪያችሁን ማንም ያለ እናንተ ፈቃድ የትም እንዳይልክ በጽሑፍ ንገሩ። የትኛው ኤጀንሲ የት እንዳቀረባችሁ ደብተር ላይ ያዙ። እኔ ለትንሹ ሆስፒታል በቀጥታ ልሠራ የቻልኩት ማንም ቀድሞ ስላላቀረበኝ ነው፤ ያም በጥበብ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው።

ውሸት ግን አልተናገርኩም። «ሌላ ቦታ 210 ሰጡኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ይላል። ዓለሙ ትንሽ ነው፣ አስተባባሪዎቹ ይተዋወቃሉ። ለሁሉም «ሌላ ኦፈር አለኝ፤ እስከ ዓርብ መልስ እሰጣለሁ» ነበር ያልኩት። ዓርብም ለሁሉም ደወልኩ፤ ለተውኳቸውም ጭምር። እኛ አበሾች እንቢ ማለት ስለሚያሳፍረን ስልክ መዝጋት ይቀናናል፤ ቀንም የሚያስይዘን ሰው «እሺ፣ እሺ» ብለን እንጠፋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አንዷ አስተባባሪ ከሁለት ዓመት በኋላ አስታወሰችኝ።

160ውን ወሰድኩ። እንደ ተረት በጥሩ አለቀ እንዳልላችሁ፣ ስድስት ወሩ አልሞላም። በአምስተኛው ወር ቋሚ ሐኪም አገኙና 30 ቀን አስታውቀው ለቀቁኝ። ቅር ብሎኛል፤ የበጋውን ዕቅዴን አበላሸው። ግን 30ውን ቀን እንደ ውላቸው ከፈሉ። ከዚያ በፊት በሦስተኛው ወር ላይ እናቴ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ልትገባ ነው ተባለ። ለሆስፒታሉ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ በማግስቱ ቀትር ላይ አስረክቤ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነበር፤ እማዬ «ለዚህ ነው እንዴ ሥራሽን ጥለሽ የመጣሽው?» ብላ ተቆጣችኝ። ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ ተኛሁ።

አሁን ወደ እናንተ፣ ፎቶ ወደምትልኩልኝ። አሜሪካ የማይመለከታችሁ ብዙ ናችሁ፤ ጥያቄው ግን አይለወጥም። ከሳዑዲ የመጣ ውል በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፣ ልዩነት ቢኖር የሚጸናው ዐረብኛው ነው። ስለዚህ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ፤ ጎንደር ውስጥ የሚያነብላችሁ ሰው አይጠፋም። ሐርጌሳም ይሁን ሪያድ፣ ቲኬቱን፣ የፈቃድ ፈተናውን ክፍያ ማን ይችላል፣ ውሉን ካቋረጣችሁስ ያ ሁሉ ወደ እናንተ ይዞራል ወይ? አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል «በፐርሰንት» ሲላችሁ፣ ፐርሰንቱ ከምን ላይ ነው? ከካርዱ ብቻ ነው ወይስ ከሂደቱ? በሽተኛው ባይከፍል፣ ወይም ኩባንያው በሦስት ወሩ ቢከፍል የእናንተ ድርሻ መቼ ይመጣል? እዚህ ኮሌጅ እያስተማራችሁ ማታ ማታ በግል የምትሠሩ መምህራንም አላችሁ። የኑሮው ነገር ስለሆነ አልፈርድም። ግን የማታው ውል «በተጠራችሁ ጊዜ ሁሉ» የምትል ቃል ካላት፣ ጠዋት ሞርኒንግ ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎቻችሁ ናቸው የሚከፍሉላችሁ።

ለዲኑም አንድ ልመና አለኝ። ኢንተርኖች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ከሰዓት ብቻ፣ አንድ እውነተኛ ውል በእጃቸው ተሰጥቶ፣ እንደ ኬዝ ያቅርቡት። «የበሽተኛው ዋና ቅሬታ ምንድን ነው?» እንደምትሉን፣ «ይህ ውል የሚገድለው የት ላይ ነው?» በሉዋቸው። ጠበቃ ጓደኛ ያለው የቀድሞ ተማሪ አይጠፋም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እኔ በየዓመቱ በመጣሁ ቁጥር አንዱን ክፍለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ያንን 14 ገጽ ይዤ እመጣለሁ፣ ስሞቹን ደልዤ።

ሰዓቴ እንዳለቀ ሰብሳቢያችን እያሳዩኝ ነው። ከምሳ በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ቡና ይፈላል ተብሏል። ስልካችሁ ላይ ውል ያላችሁ እዚያ ኑ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ፎቶ ያነሣችሁ ግን፣ ሒዱና የመጨረሻውንም አንሥታችሁ ኑ። በዚያ ሳምንት አባቴ አጠገብ ያደራችሁት ደግሞ ውል ባይኖራችሁም ኑልኝ።